ማስታወሻዬን የሚያነበው ሰው

ኅዳር 10፣ ፍ/ሰላም። ጠዋት 2፡30

ጸሎት አድርሻለሁ። ቁርስ ገና። ጣቶቼ ዛሬም አብጠዋል፤ ብዕር አያስይዙም። ኪቦርዱ ይሻላል፤ አንድ ጣት ይበቃዋል። ማስታወሻዬ፣ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ካዛወርኩሽ ወዲህ አንድ ነገር ወድጄልሻለሁ፤ በይለፍ ቃል ትዘጊያለሽ። ከእኔ በቀር የሚከፍትሽ የለም።

ከምንትዋብ ኢሜይል ደርሷል። ደህና ናት። እጇን ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዛታል። እኅቴ ስትሞት አደራ ብላ የሰጠችኝ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜዋ ከገዛ ባሏ ተደብቃ ትኑር! አንተነህ ክንዷን ሰብሮ፣ ገጀራ ይዞ በሩ ላይ ከተቀመጠባት ቀን ወዲህ ቡሬን አላየችም። ስልኳን እንኳ ጥላ ነው የወጣችው። አዲስ ሲም ካርድ አላወጣም ትላለች፤ በየቦታው ሰው አለው። ከኢንተርኔት ቤት ነው የምትጽፍልኝ። ያለችበትን ከተማ ላንጽፍ ተስማምተናል። እርሷ አልጻፈችም። እኔም ለአንቺ እንኳ አልጻፍኩም።

ነገ የጥሩወርቅ ባል አርባ ነው። መሄድ ግድ ነው። የማኅበር እኅት ናት።

ኅዳር 11። ከቀኑ 10 ሰዓት

ከተዝካሩ ተመለስኩ። ድንኳኑ ጠባብ። ወጡ ጨው የበዛበት። ጥሩወርቅ ከማልቀሷ ይልቅ ማን መጣ ማን ቀረ እያለች በር በሩን ማየቷ። እንዲህ ብዬ መጻፌ ደግ አይደለም። እውነት ግን ነው።

አንተነህ እዚያ ነበር። ካሜራ ተሸክሞ። ጥሩወርቅ ቪዲዮ እንዲያነሣላት ከቡሬ አስመጥታዋለች። የፎቶና የኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ስም አለው፤ ለሠርግም ለተዝካርም የሚጠራው እርሱ ነው። ምንትዋብ ለምን እንደሸሸች ጥሩወርቅ አታውቅም፤ ለማንም አልተነገረም። ሲያየኝ ካሜራውን አስቀምጦ መጣ። ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመ። ጤናዬን ጠየቀ፣ ጣቶቼን ጠየቀ። ስለ ሚስቱ አንድ ቃል የለም። ከንፈሩ ይስቃል፤ ዓይኑ ይቆጥራል። 

ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም። ማምሻውን

ማኅበሩ በወ/ሮ አታለል ቤት ዋለ። ጸሎቱ ደርሶ ጽዋው ከዞረ በኋላ ጥሩወርቅ ተነሥታ ለእያንዳንዳችን ፍላሽ ዲስክ አደለች። የባሏ ተዝካር ቪዲዮ ነው፤ መዝሙርም አለበት። አንተነህ ነው የገለበጠው። ዋጋ አልቀበልም፣ ለነፍሱ ይሁን ብሏታል።

አታለል ፍላሹን አገላብጣ አየችው። «ኮምፒውተር የሌለን ምን እናድርገው? ከማተባችን ጋር እንሰረው?»

የማኅበሩ ቄስም ሳቁ። ጥሩወርቅ አልሳቀችም፤ ልጆቻችሁ ይክፈቱላችሁ አለች።

ከዚያ ሰው እጅ የወጣ ነገር ከቤቴ እንዲገባ አልፈልግም። ግን ለሟች ነፍስ የተሰጠ ነገር፣ ያውም ጽዋው በተቀመጠበት፣ እንዴት ይመለሳል? በእኛ ዘንድ ተደርጎ አያውቅም። ነፍስ ይማር ብዬ ተቀበልኩ።

ኅዳር 22። ረፋድ

ፍላሹን ሰካሁ። ቪዲዮውን ልከፍት ስል ኮምፒውተሩ በቀይ ጽሑፍ አስጠነቀቀኝ። ከቪዲዮው ጋር በአማርኛ የተጻፈ አጭር መመሪያ አለ፤ ጸረ ቫይረሱ ካስቸገረ ያጥፉት፣ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ ይላል። መመሪያ አንብቤ እንደተጻፈው መፈጸም ያደግኩበት ነው። አጠፋሁ። ፈቀድኩ። ቪዲዮው ተከፈተ። ራሴን አየሁ፤ አፌን ከፍቼ ስጎርስ። ዘጋሁት።

ጸረ ቫይረሱን መልሼ ላበራው ብል እምቢ አለ። ነገ እሞክራለሁ።

ኅዳር 25

ኮምፒውተሩ ከብዷል። ፊደሉ ከጣቴ ዘግይቶ ይወጣል። ምንም ሳልሠራበት ማራገቢያው ይጮኻል። ጠዋት ጸጉሬን ሳበጥር ከስክሪኑ በላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ሻሼን ሳላስር ነበርኩ። ምን እንደሆነ እንጃ። እርጅና ይሆናል፤ ወይ የእርሱ ወይ የእኔ።

ኅዳር 29። ጠዋት 4 ሰዓት

በርበሬ ልትገዛ የመጣች አንዲት ነጋዴ በሬን አንኳኳች። ከምንትዋብ ነው የመጣሁ አለች። ወረቀት የለም፤ በቃል ብቻ። ልጄ ቤት ቀይራለች። እንዲህ መጠንቀቋ ደስ አለኝ።

አዳሪ ት/ቤት ሳለን የጽሕፈት መምህርታችን ቀን፣ ቦታና ሙሉ ስም የሌለበትን ወረቀት ሳታነብ ነበር ቀድዳ የምትጥለው። እጄ እስከ ዛሬ ያንን ይፈራል። ደግሞ ሰሞኑን ነገር ይጠፋብኛል፤ ብረሳውስ? ስለዚህ ይጻፍ። ምንትዋብ ያለችው ዱርቤቴ ነው። ከእህል ተራው ጀርባ፣ ወ/ሮ እናኑ ቤት። ልብስ ትሰፋለች።

በቃ፤ ከዚህ በኋላ አይረሳም። አንቺም ዝግ ነሽ።

ታኅሣሥ 3

ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ። ከተማው ሁሉ እንደዚሁ ነው። ከምንትዋብ ወሬ የለም። ዝምታው ያስፈራኛል።

ታኅሣሥ 7

ኔትወርኩ ተመለሰ። የስልኬን ዳታ ከፍቼ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁ። ከምንትዋብ ምንም። ጥቅሉ ገና እንደሞላሁት አለቀ። ምን በላው?

ታኅሣሥ 9። ከቀኑ 6 ሰዓት

ይህን በብዕር እጽፋለሁ። ጣቶቼ ያማሉ። ይመሙ።

አንተነህ ጠዋት መጣ። ከቡሬ ሁለት ሽማግሎች ይዞ። ጋቢያቸውን አደግድገው ከደጅ ቆሙ፤ ነውር ነውና አስገባኋቸው። ትልቁ ተናገሩ። ልጁ ጥፋቱን አምኗል፣ በእኛ ፊት ቃል ይገባል፣ እርስዎም ልጅቱን ያምጡልን አሉ።

«አጥንቷ ሲሰበር የት ነበራችሁ?» አልኩ።

«አልሰማንም፣ መምህርት።»

«ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።»

 አንተነህ ቤቴን ይቃኛል። ከኮምፒውተሩ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ሊወጡ ሲሉ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመና፣ እየሳቀ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረ።

«ከንፈሩ ይስቃል ዓይኑ ይቆጥራል ብለው አምተውኛል አሉ፣ እትዬ። እኔ እኮ ከልቤ ነው የምስቅ!»

ሽማግሎቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ።

«ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ራስዎ ነዎት እንጂ።»

ሄዱ።  ይህን ቃል ለጎረቤት አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወጣኝ፤ እርሱም ለአንቺ።

የሚያነብሽ እርሱ ነው ማለት ነው። እንዴት እንደሚያነብ አላውቅም። ግን ይህን ካነበበ ኅዳር 29 የጻፍኩትንስ?

ኮምፒውተሩን ጋቢ አለበስኩት። የሚያየኝ ይመስለኛል። ወደ ሰላማዊት እሄዳለሁ።

በዚያው ቀን። 11 ሰዓት

ሰላማዊት በሙያ ማሠልጠኛው ኮምፒውተር ታስተምራለች። አባቷን እኔ ነኝ ፊደል ያስቆጠርኩት። ይዣት ወደ ቤት መጣሁ። ጋቢውን ገልጬ ሳልጨርስ ጥያቄዋ አንድ ነበር።

«ቲቸር፣ የሰው ፍላሽ ሰክተዋል?»

የሆነውን ነገርኳት። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ከማንኛውም ኔትወርክ ጋር እንዳይገናኝ ዘጋችው። ከዚያ ፈለገች። አገኘች። ሰላይ ፕሮግራም ነው። ስፓይዌር ትለዋለች። ከቪዲዮው ጋር ተጣብቆ ገብቷል፤ ያስገባሁት እኔው ነኝ፣ ፍቀድ ስባል ፈቅጄ። የምጫነውን ፊደል ሁሉ ይመዘግባል። የይለፍ ቃል ብሎ ነገር አያግደውም፤ እርሱንም ስጽፈው ይመዘግበዋላ። ስክሪኑን ፎቶ ያነሣል፤ ቀድሞ የተጻፈውንም ማስታወሻ ከፍቶ ይገለብጣል። ካሜራውንም ይከፍታል። ዳታ በከፈትኩ ቁጥር ያጠራቀመውን ወደ ጌታው ይልካል።

ጥቂት ምስሎች ከዚያው ከኮምፒውተሩ ውስጥ አወጣች። ጸጉሬን ሳበጥር። ስጸልይ። ሳለቅስ ደግሞ አንድ አለ፤ መቼ እንዳለቀስኩ አላስታውስም። ሰላማዊት ፊቷን አዞረች። እኔም አዞርኩ። ራሴን ተሸፍኜ ሳለሁ ነጠላዬን እንደገና ሳብኩ።

ከዚያ ቀኖቹን አስተያየን። የዱርቤቴን የጻፍኩ ኅዳር 29፣ ኔትወርክ ጠፍቶ። ዳታ የከፈትኩ ታኅሣሥ 7። ያን ጊዜ ሄዷል። ከትናንት በስቲያ። እርሱ ዛሬ ሽማግሌ ይዞ የመጣው ሳያውቅ አይደለም፤ እያወቀ ነው። ቢገድላት እንኳ «አስታርቁኝ ብዬ ለምኜ ነበር» ሊል።

አጥፊልኝ አልኳት። «አይሆንም ቲቸር። ካጠፋነው ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። እንዳለ ይቀመጥ፣ አይከፈት፣ አይገናኝ።» ኢሜይሌንም እንዳልነካ ከለከለችኝ። የይለፍ ቃሉ በእጁ ነው፤ ለምንትዋብ ተጠንቀቂ ብዬ ብጽፍ ከእርሷ ቀድሞ የሚያነብ እርሱ ነው።

«ወይ ደግሞ ወምበርማ፣ ሽንዲ ከተማ ገብታለች ብለው ይጻፉበት! ይሂድና የወምበርማን አቧራ ይቃም።»

ከፍርሃት የመጣ ሳቅ ሳቅን። ግን አልሆነልኝም። ሽንዲም ልብስ የምትሰፋ ሴት አትጠፋም። በንዴቱ የማንን በር እንደሚመታ ምን አውቃለሁ?

ራሴ እሄዳለሁ። ሌላ መንገድ የለም።

ታኅሣሥ 10። ቡሬ መናኸሪያ፣ ረፋድ

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ቆሟል። መንገዱ በዚህ ነው፣ በሌላ የለም። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤያለሁ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «እማማ፣ ጥርስዎን አሞዎት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩ። ዋሸሁ። በጾም።

ሱቁ ከዚህ ይታያል። ሰማያዊ በር። ተዘግቷል።

ለምን ተዘጋ? ረቡዕ ነው፤ የሥራ ቀን። የት ሄደ?

ረዳቱን ምነው አትሄዱም አልኩት። አንድ ሰው ቀረን ይላል። የእርሱንም ወንበር ቁጠርብኝና ንዳው አልኩት። ሳቀብኝ። ከቦርሳዬ ገንዘቡን ሳወጣ ግን ሳቁን ተወ።

ዱርቤቴ። 12 ሰዓት ሊል ሲል

አለች። በሕይወት አለች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሁሉንም አልጽፍም። ከሚኒባሱ እንደወረድኩ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። እህል ተራውን አቋርጬ፣ በአህያና በጆንያ መካከል። ምንትዋብ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል አየችኝና ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ለምን እንደመጣሁ ከፊቴ አነበበች። «አገኘኝ?» አለች።

ወ/ሮ እናኑ መለሱላት። ቀደም ብለው ያልነገሯት እንዳትደነግጥ ብለው ነው። ጠዋት አንድ ሸበላ መጥቶ ፎቶ አሳይቷቸዋል፤ እኅቴ ናት፣ እናታችን ታማ ትፈልጋታለች ብሎ። ምንትዋብ ያን ጊዜ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር።

«እግሬን ሊስም ጎንበስ ይላል፤ ዓይኑን ግን ጓዳዬ ጥሎታል!» አሉ እናኑ። «እናቱ የታመመች ሰው እንዲያ ሽቶ ይቀባል? እንዲህ ያለች ሴት አላየሁም፣ ባያትም ኖሮ ላንተ አልነግርም አልኩት።»

«እንዲያ አሉት?» አለች ምንትዋብ።

«ልቡ ተቆርጦ ይሄዳል ብዬ ነው፣ ልጄ።»

አይሄድም። «ባያትም ኖሮ» የሚለው ቃል «አለች» ማለት እንደሆነ ገብቶታል። እኔ አውቀዋለሁ። ዱርቤቴ ውስጥ ያድራል።

በሩ ተቀርቅሯል። የእናኑ ወንድሞች ከደጅ ናቸው።

ታኅሣሥ 11። ማለዳ

ዛሬውኑ ወደ ግሽ ዓባይ እንሂድ አልኩ። እዚያ የማውቀው ገዳም አለ፤ ከምእመናኑ ጋር ትሰወራለች። ምንትዋብ አልሄድም አለች። ጮኻ አይደለም፤ ቀስ ብላ ነው። ከቡሬ ሸሸሁ፣ ወደ ዱርቤቴ። ከዱርቤቴ ወደ ግሽ ዓባይ። ከዚያስ? እርሱ ሱቁን ከፍቶ ይኖራል፣ እኔ ከተማ እየቆጠርኩ አልቃለሁ አለች። ፍ/ሰላም ተመልሼ እከሰዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ማስረጃ አልነበረኝም፣ አሁን አለኝ አለች።

ማስረጃ የምትለው አንቺን ነው፣ ማስታወሻዬ።

ፈራሁ። እንደምትሳሳት አስረዳኋት። ትእዛዝ በሚመስል ድምፅ፣ ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት። ድምፄን ሰምታ ፈገግ አለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ይፍሩልኝ። እኔ ፈርቼ ጨረስኩ።»

ታኅሣሥ 11። ፍ/ሰላም፣ ከሰዓት

ደረስን። ቡሬ ላይ ሰማያዊው በር ተከፍቶ ነበር። ደጁ ላይ ቆሟል። ቀድሞን ገብቷል። ምንትዋብ ፊቷን አልሸፈነችም። እኔ ነጠላዬን ልጥልባት ስል እጄን ያዘችኝ። አያት። ስልኩን ከጆሮው አደረገ። ሚኒባሱ ተነሣ።

ለማን ደወለ?

ታኅሣሥ 15

ማንም አልመጣም። መምጣቱን ከመጠበቅ መምጣቱ ሳይሻል አይቀርም። በር ሲንኳኳ ሁለታችንም እንዘላለን። ትናንት የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን «ማነህ?» እያልኩ አስቁሜ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ጠየቅኩት። ሰውየው ተጨንቆ የክርስትና ስሙን ጨመረልኝ። ምንትዋብ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ መጀመሪያዋ ነው።

ሰላማዊት በየቀኑ ትመጣለች። በእርሷ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ኢሜይል ከፈተችልኝ፤ የይለፍ ቃሉ ቢታወቅ እንኳ ወደ ስልኬ የሚመጣ ሁለተኛ ቁጥር ካልገባ አይከፈትም። ቀድሞ ባውቀው! ሌላም ብዙ አስጻፈችኝ፤ ከሁሉ የገረመኝ አንዱ ነው። ቪዲዮ ለማየት ብሎ ጸረ ቫይረስህን አጥፋ የሚል ንጹሕ ቪዲዮ በዓለም ላይ የለም አለች። እንዲህ ያለው መመሪያ ራሱ ነው የሌባው ድምፅ። እኔ መመሪያ ስለሆነ ብቻ አከበርኩት።

ፖሊስ ዘንድ ሄድን። መርማሪዋ ወጣት ናት፤ ሰማችን። ጽሑፉን ማንበቡን በምን ታረጋግጣላችሁ አለች። ሽማግሎቹ ሰምተዋል አልኩ። ሌላስ ፍላሹን የወሰደ ሰው አለ ወይ አለች።

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ማኅበሩ በሙሉ! የአታለል ልጅ ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራ፤ የሰው ሁሉ በሽታ በእጁ ነው። የጥሩወርቅ ሴት ልጅ ት/ቤት ጸሐፊ ናት። ፍላሹን ከቢሮ ኮምፒውተር ሰክተው፣ በዚያው ሌላ ፍላሽ ሰክተው… ከእኔ ጓዳ አልፎ የት ደርሶ ይሆን? ለእኔ ብሎ ያዘጋጀው መረብ ከተማውን አዳርሶታል።

ታኅሣሥ 21። ማምሻውን

ማኅበሩ በእኔ ቤት ነበር፤ ተራዬ ነው። ፍላሹን ይዛችሁ ኑ ብዬ አስቀድሜ ላክሁ። ምንትዋብ ከጓዳ ወጥታ ጠላ ስትቀዳ ሁሉም ዞረው አዩዋት።

ጽዋው ከዞረ በኋላ ተነሣሁ። የሆነውን ከክንዷ ጀምሬ ነገርኳቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ደብቄላት ነበር፤ ራሷ ይንገሩ አለችኝ። ፍላሹ ምን እንዳለበት ሰላማዊት አስረዳች። አታለል የራሷን በሁለት ጣቷ ይዛ እንደ ጊንጥ ከመደቡ ላይ ጣለችው።

«እኔስ ከማተቤ ጋር ልሰረው ብዬ ነበር! ከአንገቴ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሌ የማማውን ሁሉ ሊሰማ!»

«ያንቺን ሐሜት ለመስማት ፍላሽ አያስፈልግም፤ ከመንገድ ይሰማል» አለቻት ሌላዋ።

ሳቅ ሆነ። ጥሩወርቅ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ አመድ መስሏል። «በባሌ ነፍስ?» አለች። ደግማ፣ «በባሌ ነፍስ ነው የነገደው?» ከዚያ አለቀሰች። በተዝካሩ ያላለቀሰችውን ሁሉ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። 

ቄሱ ፍላሾቹን በሰላማዊት ቦርሳ አስገቡ፤ ለሟች የሚጸለየው ጸሎት በፍላሽ ላይ እንዳልሆነ ተናገሩ፤ እምቢ ማለትም ኃጢአት እንዳልነበረ። ሰላማዊት ነገ ጀምራ ጤና ጣቢያውንና ት/ቤቱን ትፈትሻለች። ጥሩወርቅ ለፖሊስ ቃሌን እሰጣለሁ አለች፤ ፍላሾቹን ከእጁ የተቀበለች እርሷ ናት። ሴቶቹም ተስማሙ፤ ጉዳዩ እስኪታይ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሆነው እንዝርታቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ይውላሉ። ቤቱ ሰው አይጎድለውም።

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ሰው ሲበዛ ግን ፍርሃቱም የሚቀመጥበት ጠበበው።

ታኅሣሥ 22። ጠዋት

መርማሪዋ ደወለች። ዛሬ ኮምፒውተሩን እንዳለ ይዘን እንድንሄድ። በውስጡ ያለው ማስታወሻ በሙሉ ታትሞ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። ዐቃቤ ሕግ ያነበዋል። ዳኛ ያነበዋል። ጠበቃውም ያነበዋል። አንተነህም፣ በዚህ ጊዜ በሕግ፣ እንደገና ያነብሻል።

ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ተቀምጫለሁ። ምን እንዳለብሽ አስባለሁ። ስለ ጎረቤቶቼ። ስለ ሆዴ ሕመም። ባሌ በሞተ ጊዜ የተሰማኝ ነገር፣ ለሰው የማይነገር። ስለ ጥሩወርቅ ወጥና ስለ ጥሩወርቅ እንባ የጻፍኩት፤ ዛሬ ምስክር ሆና አጠገቤ ልትቆም! ትሰማዋለች። ችሎት ውስጥ፣ በጸሐፊ ድምፅ ይነበብላታል።

የማይመለከተውን ልሰርዝ አልኳት ሰላማዊትን። «አንድ መስመር ከጎደለ የቀረው ሁሉ ይጠረጠራል፣ ቲቸር» አለች። እውነቷን ነው። ተማሪ ብትሆንብኝ ይህንኑ ነበር የምላት።

ምንትዋብ እኔ ካልፈቀድኩ እንደማትጠይቀኝ ነገረችኝ። ክንዷን ይዛ ነው የተናገረች፤ ጠዋቱ ይበርዳል። አያያዟን አየሁ።

ከምሳ በፊት ለጥሩወርቅ ስለ ወጡና ስለ እንባዋ ራሴ እነግራታለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ፊደል አልሰርዝም። ይነበብ።